አንድ ቃል፣ ሁለት ደዌ፤ የእንቅርት፣ የጨውና የክኒን ታሪክ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ። ተረቱን ሁላችንም እንናገረዋለን፤ በውስጡ ስላለው እንቅርት ቆም ብለን ያሰብን ግን ጥቂቶች ነን። አበው ከደዌ ሁሉ መርጠው ይህንኑ ማንሣታቸው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ለተረት የሚበቃው ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነውና። በደጋው ምድራችን እንቅርት በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በማጀት ዘወትር የሚታይ ነበረ። በሰሜን ኢትዮጵያ እናቶች አንገት ላይ የምናየው ንቅሳት እንኳ ለውበት ብቻ የተነቀሰ አልነበረም፤ እንቅርትን ይከላከላል፣ የወጣውንም ይመልሳል ተብሎ ይታመንበት ነበር።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚህን ደዌ ታሪክ ነው። ነገሩ የሐኪሞች ይመስላል፤ እኔ ደግሞ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ከታሪኩ ሥር የቃል ጉዳይ አለ፤ ቃል ደግሞ የሁላችንም ነው። አማርኛችን አንገት ላይ ያበጠውን ሁሉ «እንቅርት» ብሎ ይጠራዋል። እብጠቱ ግን አንድ ቢመስልም ከበስተጀርባው ሁለት ተቃራኒ ደዌዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው እጢው ተርቦ የሚያብጥበት ነው። ሁለተኛው እጢው ልጓሙን በጥሶ ከልክ በላይ ሲሠራ የሚያብጥበት ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ማገዶ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ሁለቱንም በአንድ መድኃኒት ሊያክም ይነሣል። የዚህ ስሕተት ታሪክ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም አላበቃም። (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደማስቀምጥ ከወዲሁ ላሳስብ።)

ከመነሻው እንጀምር። በጉሮሯችን ፊት ለፊት፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ታይሮይድ የምትባል ትንሽ እጢ አለች። ሥራዋ የሰውነታችንን እሳት መቆጣጠር ነው፤ የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ ምግብ የሚቃጠልበት ፍጥነት ሁሉ ከእርሷ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ይህንን ትእዛዝ የምትልከው ሆርሞን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሆርሞኑንም የምትሠራው ከአዮዲን ነው። ሸማኔ ያለ ጥጥ ሸማ እንደማይወጣለት፣ ታይሮይድም ያለ አዮዲን ሆርሞን አይወጣላትም። አዮዲን ደግሞ በዘመናት ዝናብ ከተራራ ታጥቦ ወደ ባሕር የሚወርድ ነገር ነው። ስለዚህም ከባሕር በራቀና ጎርፍ አፈሩን ባጠበው ከፍተኛ ምድር የሚኖር ሕዝብ አዮዲን ያንሰዋል። እጢዋም ካለችው ጥቂት ጥጥ የቻለችውን ያህል ለመሥራት ስትታትር ታብጣለች። የስዊዘርላንድ የአልፕስ መንደሮችና የእኛ ደጋ በዚህ ረገድ ወንድማማቾች ናቸው። ደዌው አንገትን በማሳበጥ ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ ነበር፤ በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ክፉኛ ያነሳት እናት የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል።

የአዮዲን መገኘት ራሱ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። በ1811 ናፖሊዮን በአውሮፓ ምድር ሲዋጋ ለባሩድ የሚሆን ጨው ያስፈልግ ነበርና፣ በርናር ኩርትዋ የተባለ ፈረንሳዊ ከባሕር አረም አመድ ይህንኑ ለማውጣት ይደክም ነበር። አንድ ቀን አመዱ ላይ አሲድ ሲጨምርበት ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጢስ ተነሣ። ጢሱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ወደሚያብረቀርቅ ጥቁር ቅንጣት ተለወጠ። ስሙም ከቀለሙ የተነሣ «ሐምራዊ» ከሚል የግሪክ ቃል ወጣለት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዣን ፍራንስዋ ኩዋንዴ የተባለ የጄኔቫ ሐኪም አንድ ነገር አሰበ። የጥንት ሐኪሞች እንቅርትን በተቃጠለ የባሕር ስፖንጅ ያክሙ ነበር። «ታዲያ በስፖንጁ ውስጥ ያለው ፈዋሽ ይህ አዲስ ንጥረ ነገር ቢሆንስ?» አለ። በ1820 አዮዲንን ለእንቅርት ሕሙማን መስጠቱን ይፋ አደረገ። የብዙዎቹ አንገት ጎደለ፤ የከተማይቱም ሰው ደስ አለው። ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ሌላ ወሬ ተሰማ። መድኃኒቱን ከወሰዱት አንዳንዶቹ እየበሉ ይከሱ ጀመር፤ ልባቸው ይዘል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍም ይሸሻቸው ነበር። ኩዋንዴ ራሱ ይህንን አስተውሎ ጽፎታል። አዮዲን የሚያድነውም የሚጎዳውም በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ሐኪም እጅ መሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ታየ ማለት ነው። ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም።

ልባቸው የሚዘለውን ሕሙማን አስቀድሞ የተመለከተ ሌላ ሰው ነበረ። እንግሊዛዊው ኬሌብ ፓሪ በ1786 አንገቷ ያበጠ፣ ልቧ የሚፈጥን፣ ዓይኗ የጎላ ሴት አይቶ በማስታወሻው አስፍሮ ነበር። ጽሑፉ ግን የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1825 ነው። በ1835 የደብሊኑ ሮበርት ግሬቭስ፣ በ1840 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ፎን ባሴዶ ያንኑ ደዌ ገለጹት። ባሴዶ የእንቅርትን፣ የልብ መፍጠንንና የዓይን መፍጠጥን አንድነት በመርዘቡርግ ከተማ ለይቶ ስላወጣ፣ ሦስቱ ምልክቶች በከተማይቱ ስም ተጠሩ። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ደዌውን በግሬቭስ፣ ጀርመኑ በባሴዶ ስም ይጠራዋል። ቀድሞ ያየው ፓሪ ግን ያለ ስም ቀረ። እኛ ለሥነ ጽሑፍ ቅርብ የሆንን ሰዎች ይህ ዓይነቱ ዕጣ አዲስ አይሆንብንም፤ በጊዜው ያልታተመ ጽሑፍ የጻፈውን ሰው ውለታ ይበላል።

የፈረንሳዩ አርማን ትሩሶ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። በ1860ዎቹ አንዲት የዚህ ደዌ ሕመምተኛ ወደ እርሱ መጣች። ልቧን የሚያረጋጋ ዲጂታሊስ የተባለ መድኃኒት ሊያዝላት አስቦ፣ አእምሮው በአዮዲን ጉዳይ ተይዞ ስለነበር፣ በወረቀቱ ላይ አዮዲን ጻፈ። ሴትዮዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሽሏት ተመለሰች። ትሩሶ ስሕተቱን ሲያይ ደንግጦ አዮዲኑን አስቁሞ ዲጂታሊሱን ሰጣት፤ ልቧ እንደገና ዘለለ። ለዚህ እንቆቅልሽ ፍቺ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1923 አሜሪካዊው ሄንሪ ፕለመር በዛ ያለ አዮዲን ከቀዶ ሕክምና በፊት ለጥቂት ቀናት ቢሰጥ የተቆጣችውን እጢ እንደሚያረጋጋ አሳየ። ድንገት ብዙ ጥጥ የተቆለለበት ሸማኔ ለጊዜው ግራ ተጋብቶ መወርወሪያውን እንደሚያስቀምጥ ማለት ነው። ነገር ግን ግራ መጋባቱ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ለሳምንታት ነው፤ ከዚያ ሸማኔው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ በዙሪያውም የተቆለለ ጥጥ አለ። እንግዲህ አስቡት፤ ሕመምተኛ በገዛ እጁ አዮዲን ቢወስድና በመጀመሪያው ሰሞን ቢሻለው፣ መድኃኒቱን አገኘሁት ብሎ ባያምን ያስደንቃል።

የምሥጢሩ በር እየተከፈተ የሄደው ቀስ በቀስ ነው። በ1895 ዩገን ባውማን በታይሮይድ ውስጥ አዮዲን መኖሩን አገኘ። በ1914 በፈረንጆች ገና ዕለት ኤድዋርድ ኬንዳል ሆርሞኑን ለይቶ አወጣው። በ1956 ደግሞ የኒውዚላንዶቹ አዳምስና ፐርቭስ በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ ታይሮይድን ያለ ዕረፍት የሚያሠራ እንግዳ ነገር አገኙ። የገዛ ሰውነታችን መከላከያ ኃይል ያፈራው ነው። ታይሮይድ በወትሮው የምትታዘዘው በአንጎል ሥር ላለች አለቃ ነው፤ ይህ እንግዳ ግን የአለቃዋን ድምፅ አስመስሎ «ሥሪ! ሥሪ!» እያለ ይጮህባታል። አለቃዋ ዝም ብትልም እርሷ መሥራቷን አታቆምም።

እስከዚያው ድረስ የተራበችው እጢ ጉዳይ በጨው መፍትሔ አገኘ። በ1917 ዴቪድ ማሪንና ኦ. ፒ. ኪምቦል በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ ለተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን መስጠት ጀመሩ። ከወሰዱት ከ2,000 በላይ ልጃገረዶች አንገታቸው ያበጠው 5 ብቻ ነበሩ፤ ካልወሰዱት ተቀራራቢ ቁጥር ካላቸው ውስጥ ግን 495 አበጡ። በ1922 ስዊዘርላንድ፣ በ1924 የአሜሪካዋ ሚሺጋን አዮዲን ያለበትን ጨው ለሕዝብ አቀረቡ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ የአልፕስ እንቅርት ወደ ሙዚየም ሥዕል ገባ። በርካሽ ዋጋ ይህን ያህል ሕዝብ ያዳነ ነገር ጥቂት ነው።

ሆኖም በዚህ መልካም ሥራ ላይም ያ የኩዋንዴ ጥላ ተከትሎ መጣ። በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ በ1966 በዳቦ ላይ አዮዲን ሲጨመር፣ ከልክ በላይ በሚሠራ ታይሮይድ የሚታመመው ሰው ቁጥር ለጥቂት ዓመታት ከፍ አለ። ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ለረጅም ዘመን የተራበች እጢ በውስጧ አለቃ የማይሰሙ ጉብታዎች ታበቅላለች። ጥጥ እስካጡ ድረስ አመፃቸው አይታወቅም። ጥጡ በመጣ ዕለት ግን ያለ ልክ ይሠራሉ። ቁጥሩ ከዓመታት በኋላ ወረደ፤ ለሕዝብ በጠቅላላው ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣልና ማንም በጨው ላይ አዮዲን መጨመር ይቅር አላለም። ለሕዝብ የሚበጀው ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሁሉ አይበጅም። የታዝማኒያ ትምህርት ይህ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ የምናገኘው ጨው ክቡር ነው። ቀኑን ሙሉ ብር ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ አሞሌ በዚህች አገር ገንዘብ እንደነበረ ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስም ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን በገበያ ይሠራበት ነበር። ይሁን እንጂ ከምድር የሚቆረጥ ጨው በተፈጥሮው ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት ነው። ሕዝባችን በጨው ይገበያይ እንጂ ከጨው የሚፈልገውን አላገኘም። በ1990ዎቹ አዮዲን ያለው ጨው ከቀይ ባሕር ወደቦች ይመጣ ነበር፤ በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ። በምትኩ የአፋሩ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ገበያውን ያዘ፤ ያም በአብዛኛው አዮዲን የሌለበት ነበር። በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት እንቅርት እንደነበረባቸው አሳየ። በ2011 ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 ከመቶ ነበሩ፤ በ2016 ዳሰሳ 89 ከመቶ ደረሱ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ተረት በአገር ደረጃ የተፈጸመ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለምን እንደቆፈርሁ ልንገራችሁ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ እጢዬ ልጓም የበጠሰች ናት። ነገሩ የታወቀው ብር ስቆጥር ጣቶቼ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ነው። ወሬው አሜሪካ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደረሰ። ወንድሜም ወንድም ነውና ዝም አላለም፤ በሰው ሻንጣ አንድ ትልቅ የቫይታሚን ጠርሙስ ላከልኝና ስልክ ደወለ። «እኅት ዓለም፣ እንቅርት ነው አሉኝ። ለታይሮይድ የሚሆን ነው የላክሁልሽ፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ዋጪ» አለኝ። በጠርሙሱ ጀርባ ያለውን ዝርዝር ሳነብ የመጀመሪያው ስም ኬልፕ ነበር። ኬልፕ የባሕር አረም ነው። ኩርትዋ ያቃጠለው፣ ኩዋንዴ በስፖንጅ የጠረጠረው፣ ያው አዮዲን ነው። ወንድሜ ክፉ አላደረገም፤ «እንቅርት» የሚለውን ቃል ሰምቶ ለተራበች እጢ የሚሆነውን ላከ። የእኔዋ ግን የጠገበች ናት። ጠርሙሱን ሳልከፍት ይዤ ወደ ሐኪሜ ሄድሁና መስመር በመስመር አነበብነው።

ከዚያ ንባብ የተማርሁትን ለሚመለከተው ላካፍል። «ቫይታሚን» የሚለውን ስም ያወጣው በ1912 ካሲሚር ፉንክ የተባለ የፖላንድ ተወላጅ ነው፤ የሕይወትን ቃል በውስጡ ስለያዘ ስሙ ራሱ መድኃኒት ይመስላል። ዛሬ ግን በጠርሙስ ውስጥ ከቫይታሚን ሌላ ብዙ ነገር ይገባል። በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እነዚህ ክኒኖች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምረው መጽደቅ አይጠበቅባቸውም። ስለዚህ መርማሪው አንባቢው ነው።

አንደኛው አዮዲን ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ብዙዎቹ ቅልቅል ቫይታሚኖች ይህንኑ ያህል ይይዛሉ። የኬልፕ ክኒን ግን የዚህን እጥፍ ድርብ ሊይዝ ይችላል፤ መጠኑም ከክኒን ክኒን ይለያያል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር በ2013 በቀን ከ500 ማይክሮግራም የበለጠ አዮዲን ያለው ክኒን እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል፤ ይህም ለሰው ሁሉ ነው። እጢው ከልክ በላይ ለሚሠራበት ሰው ደግሞ አዮዲን የሌለበትን ቅልቅል መፈለግ ይሻላል። በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሊታከም ለተዘጋጀ ሰውማ ጉዳቱ ሁለት ነው፤ በክኒን የጠገበች እጢ መድኃኒቱን አልቀበልም ትላለች።

ሁለተኛው ባዮቲን ነው፤ ለጠጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው። የእኛ ደዌ ጠጉር ያሳሳልና ብዙ እኅቶች ይህንን ይገዛሉ። ለቀን 30 ማይክሮግራም በቂ ሆኖ ሳለ በአንዳንዱ ክኒን 5,000 ወይም 10,000 ይገኛል። ባዮቲን እጢዋን አይነካትም፤ የሚያሳስተው የደም ምርመራውን ነው። በአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ደህና የሆነውን ሰው በሽተኛ አስመስሎ፣ የዳነውንም ገና ያልዳነ አድርጎ ያሳያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ስለዚህ ጉዳይ በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ምክሩ ቀላል ነው፤ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ማቋረጥና ለሐኪሙ መንገር።

ሦስተኛው ሴሌኒየም ነው። ይህኛው ዝናው ከባዶ አልተነሣም። በ2011 የታተመ የአውሮፓ ጥናት፣ የግሬቭስ ደዌ ዓይናቸውን በመጠኑ የነካቸው ሰዎች ለስድስት ወር በቀን ሁለት ጊዜ 100 ማይክሮግራም ሲወስዱ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ነገር ግን ማርም ሲበዛ ይመራል። በ2008 በአሜሪካ ከተጻፈበት 200 እጥፍ ሴሌኒየም የተገኘበት አንድ ፈሳሽ ወደ 200 የሚሆኑ ሰዎችን መረዘ፤ ጠጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተበላሸ።

ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም አሉ። ከልክ በላይ የምትሠራ እጢ አጥንትን ትበላለችና ሁለቱ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋሉ። ሆኖም አጥንቱ ሲበላ ካልሲየሙ ወደ ደም ስለሚገባ፣ በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ቀድሞውኑ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሳይለኩ መጨመር ጎርፍ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በዝርዝሩ የማይጻፈው ነው። «ለታይሮይድ» ተብለው የሚሸጡ አሥር ክኒኖችን የመረመረ በ2013 የታተመ ጥናት፣ በዘጠኙ ውስጥ ራሱን የታይሮይድ ሆርሞን አግኝቷል። ሆርሞን ለተትረፈረፈበት ሰው ሆርሞን መስጠት፣ ይህ ነው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

እነሆ፣ ከኩዋንዴ እስከ ዛሬው ጠርሙስ ድረስ ያለው ታሪክ አንድ ጥያቄ ይደጋግማል፤ «የትኛው እንቅርት?» ይላል። ከልክ በላይ ለሚሠራው ደዌ አማርኛችን የራሱን ስም ያወጣለት አይመስለኝም። ገጣሚያንና የቃል ወዳጆች አንድ ቀን ያወጡለት ይሆናል። እስከዚያው ግን «እንቅርት ነው» የሚል ወሬ ስንሰማ፣ ምክርና ክኒን ከመላካችን በፊት የተራበች ናት ወይስ የጠገበች ብለን እንጠይቅ። መልሱን የሚሰጠው የደም ምርመራ ነው፤ ክኒኑም ከመልሱ በኋላ ይድረስ። ወንድሜ አሁን በስልክ የሚጠይቀኝ የምርመራዬን ቁጥር ነው።

ቸር እንሰንብት።